የማያነብ ፊደል ለቃሚ

መጽሐፍን ማሰናዳት የመኪና ሥራ ነው፤ መኪናውን ማዘዝ ያወቀ ሁሉ መጽሐፍ መሥራት ያውቃል የሚል አሳብ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሥር ሰዶ ይታያል። አንድ ጐልማሳ ሦስት ወር ኮምፒውተር ይማራል፤ የምስክር ወረቀቱን ይቀበላል፤ በማግሥቱም አንድ ሊቅ ዐሥር ዓመት የደከመበት ድርሰት ገጽ በገጽ እንዲያቀናብረው ይሰጠዋል። ይህ ጐልማሳ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንዳነበበ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው በአንድ ቀን ስንት ገጽ እንደሚጨርስ ነው። ወጥ ቀምሳ የማታውቅ ሴት የሰርግ ድግስ እንድታወጣ የሚያዝዝ ባለ ሰርግ አይገኝም፤ መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ሰው ግን መጽሐፍ እንዲያወጣ በየቀኑ ይታዘዛል።

ፍሬውም በየመደርደሪያው ላይ ነው። ማንም ሰው በቅርብ ዘመን ከታተሙት መጻሕፍት አንዱን አንሥቶ ይግለጥ። መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ዐይን ከአንዱ ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ይስታል፤ ያነበበውንም መስመር መልሶ ያነባል። ጽሑፉ ወደ ጥራዙ ዘልቆ ገብቶ በክሩ አጠገብ ያለውን ቃል ለማየት መጽሐፉን እስኪሰነጠቅ ድረስ መለጠጥ ያስፈልጋል። ርእሱ በገጹ ግርጌ ብቻውን ቀርቶ ርእስ የሆነለት ነገር በሚቀጥለው ገጽ ይጀምራል። አራት ነጥብ በሚገባበት ስፍራ የላቲን ቋንቋ ሁለት ጥንድ ነጥብ ተደርድሮ ይገኛል። አንዱ ምዕራፍ በአንድ ዐይነት ፊደል፣ ሁለተኛው በሌላ ዐይነት ይታተማል፤ ምክንያቱን የጠየቀ ሰው ቢኖር ለቃሚው ደስ ስላለኝ ነው ከማለት በቀር መልስ የለውም።

በዚህ የሚጎዱት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንዱ ከሠርክ ጸሎት በኋላ በመብራት የሚያነቡት ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ ሁለተኛውም ንባብን ገና የሚለማመደው ሕፃን ነው። ሽማግሌው ዐይኔ ደከመ ብለው መጽሐፉን ይዘጋሉ። ሕፃኑም ንባብ አይሆንልኝም ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጉታል እንጂ ገጹን ያሰናዳውን ሰው አይከሱም፤ እርሱም ስለዚህ ያለ ከሳሽና ያለ ዳኛ ሥራውን ይቀጥላል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሮማ ከተማ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን በሮማ ይኖሩ ከነበሩት ከኢትዮጵያ መነኮሳት ፊደሉንና ንባቡን ተምሮ በ1513 በአውሮፓ አቈጣጠር መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋራ በዚያችው ከተማ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ድካማቸው ብዙ ነበር፤ ስሕተቱም ብዙ ሆነ። አባ ተስፋ ጽዮን አንባቢውን ይቅርታ ሲለምኑ ምክንያቱን አልሸሸጉም፤ ፊደል የሚለቅሙት ሮማውያን ግዕዝን የማያነቡ፣ ግዕዝን የሚያነቡት ኢትዮጵያውያን ደግሞ የማተምን ሥራ የማያውቁ ነበሩና። እጁ በአንድ ሰው ላይ፣ ዐይኑ በሌላ ሰው ላይ ነበረ ማለት ነው።

የሮማው ለቃሚ እንግዲህ ይቅር ይባል ዘንድ ይገባዋል፤ ቋንቋው የባዕድ ነበር፤ ሥራውም እንጀራው ነበር። ዛሬ በአማርኛ ተወልዶ በአማርኛ ያደገው ለቃሚ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል? ፊደሉን ያውቃል፤ ቃሉንም ይሰማል፤ ነገር ግን የሚለቅመውን አያነብም። አራት መቶ ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ እጅና ዐይን ዛሬም አልተገናኙም፤ የዛሬው መለያየት ግን በአንድ ሰው አካል ውስጥ ስለ ሆነ የሮማውን ያህል እንኳ አያሳዝንም።

የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዐት ይህን ያውቅ ነበር። ልጅ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያም በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግማል። ብርዕ የሚያዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም ጽሕፈትን ሊማር ለወደደ ብቻ። ብዙዎች አንባቢ ሆነው ሳይጽፉ ኖረዋል። አንባቢ ሳይሆን ቁም ጸሐፊ የሆነ ሰው ግን ከዚህ ሥርዐት ሊወጣ አይችልም ነበር። ዛሬ ሥርዐቱ ተገልብጦ ብርዑ ቀድሞ ይሰጣል፤ ንባቡ ግን ከናካቴው ይቀራል።

ይህ ሲነገር የተማሩ ነን የሚሉ ሰዎች፦ «የመጽሐፍ አሠራር በውጭ አገር በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ጥበብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ድረስ ምን ይደረግ?» ብለው ይመልሳሉ። እነዚህ ሰዎች የሚጠሩትን የውጭ አገር ታሪክ ራሱን አላነበቡም። ኤድዋርድ ጆንስተን በኤዲንበርግ የሕክምና ትምህርት ጀምሮ በጤና ማጣት የተወ ሰው ነበር። በ1898 ወደ ለንደን ሲመጣ ጽሕፈትን የሚያስተምረው መምህር አላገኘም፤ ሲድኒ ኮከሬል የተባለ ሰው ግን በብሪቲሽ ሙዚየም የትኞቹን የብራና መጻሕፍት ማየት እንደሚገባው አመለከተው። ጆንስተንም በመጻሕፍቱ ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱ ፊደል እንዴት እንደ ተሠራ መረመረ፤ የብርዑን አፍ ጠፍጣፋ አድርጎ ቢቀርጸው ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር በገዛ እጁ እንደሚወጣ አገኘ። የጽሕፈቱንም መሠረት ያደረገው በ10ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በተጻፈ አንድ መዝሙረ ዳዊት ላይ ነው። በ1899 መምህር ሆነ፤ በ1906 ስለ ጽሕፈት ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ከ1916 ጀምሮ የተጠቀመበትን ፊደልም የነደፈው እርሱ ነው።

ስታንሊ ሞሪሰንም በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለቆ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው። በ1912 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ስለ ማተም ጥበብ ያወጣውን ልዩ እትም ገዝቶ ካነበበ በኋላ የሕይወቱ መንገድ ተለወጠ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ መምህሩ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። በ1932 ታይምስ የታተመበት አዲስ ፊደል በእርሱ መሪነት ተዘጋጀ፤ ያንንም ፊደል ዛሬ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ያውቀዋል። በ1930 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ያስተማረውም ነገር ለንባብ የማይጠቅም ጌጥ ሁሉ ከገጹ እንዲወገድ ነው። ይህን ሊል የሚችል አንባቢ የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ የማያነብ ሰው የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን በምን ይለያል?

እንግዲህ ሩቅ ሳይኬድ አንድ የብራና ዳዊት ይገለጥ። መዝሙሩ በአንድ ዐምድ ተጽፏል። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ያሉት ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ግን በሁለት ዐምድ ተጽፈዋል። በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ጸሐፊ እጅ፣ ሁለት ዐይነት ሥርዐት! ለማየት ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ልማድ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሚደግም ሰው ግን ምክንያቱን ያውቃል፤ በመዝሙር ውስጥ አንዱ መስመር አንድ ትንፋሽ ነው፤ አንባቢው በመስመሩ መጨረሻ ያርፋል፤ መስመሩም በዐምድ ጥበት ቢሰበር ዜማውና ትርጓሜው አብረው ይሰበራሉ። ስለዚህም ቁም ጸሐፊው ቃሉ ከመስመሩ ርዝመት ሲያልፍበት ወደ አዲስ መስመር አያወርደውም፤ የተረፈውን ጥቂት ፊደል በዚያው መስመር ጫፍ ከላይ ወይም ከታች ያስጠጋዋል። አዲስ መስመር አዲስ ትንፋሽ ነውና በተረፈ ቃል አይጀምርም። ዐሥር መዝሙር ሲፈጸም፣ ይኸውም አንዱ ንጉሥ ሲያልቅ፣ በሐረግ ጌጥ ይለየዋል፤ ሌሊት በጧፍ ብርሃን የሚደግመው ሰው የደረሰበትን ስፍራ በጣቱ ሳይፈልግ በዐይኑ ያገኘዋል።

ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡትን የዳዊት እትሞች ከዚህ ጋራ ያስተያየ ሰው ያዝናል። መዝሙሩ በሁለት ጠባብ ዐምድ ተከፍሎ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሰበራል። ይህን ያደረገው ለቃሚ ክፉ አሳብ አልነበረውም፤ መጽሐፍ ቅዱስ በሁለት ዐምድ ሲታተም አይቷል፤ ዳዊትም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው ብሎ ገመተ። አይቷል፤ አላነበበም።

ስለ ሁለት ነጥብም የሚባል አለ። በብራናው ላይ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበረ፤ በቆዩት የማተሚያ መጻሕፍትና ጋዜጦችም እንዲሁ። ዛሬ በአብዛኛው በባዶ ስፍራ ተተክቷል። አንዳንዶች ይህን የሃይማኖት መፍረስ ያህል አድርገው ያለቅሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሥልጣኔ ምልክት አድርገው ይመኩበታል። ሁለቱም ወገኖች የነገሩን ሥራ አላዩም። የብራናው ጸሐፊ መስመሩ ሲሞላ ቃሉን ካለበት ፊደል ላይ ቈርጦ ቀሪውን በሚቀጥለው መስመር ይጽፋል፤ ጭረትም ሌላም ምልክት አያደርግም። ይህን ማድረግ የቻለው ቃሉ የሚያልቅበትን ስፍራ ሁለት ነጥቡ ስለሚናገርለት ነው። በዚህም ምክንያት የብራናው ዐምድ በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ እንደ ግንብ ይቆማል፤ በውስጡም ቀዳዳ አይታይበትም። ነጥቡ ሲወገድ ይህ ነጻነት አብሮ ተወገደ። አማርኛ ደግሞ ረጅም ቃል የሚወድ ቋንቋ ነው፤ ከፊትም ከኋላም እየተጨመረበት አንዱ ቃል የመስመሩን እኩሌታ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ቃሉን መቍረጥ የተወው ለቃሚ መኪናው የዐምዱን ሁለት ወገን እኩል እንዲያደርግለት ባዘዘ ጊዜ መኪናው ሁለት ቃላትን ወደ ሁለት ጠርዝ ገፍቶ በመካከላቸው በሬ የሚያሳልፍ በር ይከፍታል። በጋዜጣ ጠባብ ዐምድ ላይ ይህ በየቀኑ ይታያል።

መድኀኒቱ አንድ ብቻ አይደለም። ነጥቡን የመለሰ ሰው ቃሉን እንደ ልቡ ይቍረጥ፤ ባዶ ስፍራ የወደደም ሰው የቀኙን ጠርዝ እንደ ወጣ ይተወው፤ ወይም ዐምዱን ያስፋው። ከነዚህ አንዱን መምረጥ የሚቻለው ግን ነጥቡ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ለሚያውቅ ሰው ነው። በመኪናው ማመካኘትም አይቻልም። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት ሥርዐት በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ሁለት ነጥቡንና አራት ነጥቡን፣ ነጠላ ሰረዙንና ድርብ ሰረዙን ጭምር ለየራሳቸው ስፍራ ሰጥቷቸዋል። መኪናው የተቀበለውን ምልክት የአገሩ ሰው ንቆ የላቲኑን ነጥብ ይደረድራል።

የነጋዴዎቹ ክርክር የወረቀት ዋጋ ነው። «ወረቀት ተወዷል፤ ኅዳግ ገንዘብ ነው፤ የመስመር ርቀትም ገንዘብ ነው» ይላሉ። ወረቀት መወደዱ እውነት ነው። ነገር ግን ብራና ከወረቀት ይልቅ ረክሶ የሚያውቅበት ዘመን አልነበረም። ፍየሉ ይታረዳል፤ ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፤ ይደርቃል፤ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የሚገኘው ጥቂት ቅጠል ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ መንጋ ያልቃል። ቁም ጸሐፊው ይህን እያወቀ ኅዳጉን ሰፊ አደረገ፤ የታችኛውን ከላይኛው፣ የውጭውን ከውስጠኛው አስፍቶ። ያን ያደረገው ገንዘብ ስለ ተረፈው አልነበረም። መጽሐፉን የሚይዝ እጅ ከታችና ከውጭ በኩል እንደሚያርፍ፣ ጣትም ዘመን በረዘመ ቍጥር ብራናውን እንደሚያጠቍረው ያውቃል፤ ስለዚህ ለጣት የሚሆነውን ስፍራ ለጣት ተወ። ያን ቺሾልት የተባለው ጀርመናዊ የመጽሐፍ ሥራ ሊቅ በጐልማሳነቱ የጥንቱን ሥርዐት ሁሉ የሚነቅፍ መጽሐፍ በ1928 አሳትሞ ነበር። በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ፤ የመካከለኛውን ዘመን መጻሕፍት በማስመሪያ እየለካ ሥርዐታቸውን ፈለገ። ስፋቱ ሁለት ቁመቱ ሦስት በሆነ ገጽ ላይ የውስጡ ኅዳግ ሁለት፣ የላይኛው ሦስት፣ የውጭው አራት፣ የታችኛው ስድስት ሲሆን የጽሑፉ ቁመት ከገጹ ስፋት ጋራ እንደሚተካከል አገኘ። ከዚህ ልክ ጥቂት አጥብቦ ወረቀት መቈጠብ ይቻላል። ያልተነበበ መጽሐፍ ግን ወረቀቱ በሙሉ የባከነ ነው፤ ይህንን ኪሳራ በመዝገባቸው የሚጽፉት ነጋዴዎች የሉም።

ይህ ሁሉ ብራናውን እንደ ዝንጀሮ ቅዱ ማለት አይደለም። በሽፋኑ ላይ ሐረግ ለጥፎ መጽሐፉን ጥንታዊ ያደረገ የሚመስለው ሰው ከማያነበው ለቃሚ አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል፤ የመጀመሪያው ያላየውን አላደረገም፤ ይህ ግን አይቶ ያልገባውን አደረገ። ጌጥ በጥንቱ መጽሐፍ ውስጥ ሥራ ነበረው። በዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ከአንድ ሺሕ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው፤ በመጀመሪያ ገጾቻቸው የተሣሉት ዐምዶችና ቅስቶች በመካከላቸው ቍጥር ይዘዋል፤ ቍጥሮቹም በአራቱ ወንጌላውያን ዘንድ ተመሳሳዩ ነገር የሚገኝበትን ስፍራ ያመለክታሉ። ቅስቱ ለዐይን የተሠራ የንባብ መሣሪያ ነው። ቀዩም ቀለም እንዲሁ የቅዱሳንን ስምና የነገሩን መጀመሪያ ይለይ ነበር። ዛሬ ቀይ ቀለም ያጣው ለቃሚ ፊደሉን ወደ ጎን ያዘነብለዋል፤ ይህንንም ከላቲን መጻሕፍት ወሰደው። የላቲኑ ዘንባላ ፊደል የራሱ የእጅ ጽሕፈት ልደት ያለው ነው፤ የግዕዙ ዘንባላ ግን በመኪና ተገፍቶ የወደቀ ቁም ፊደል ነው።

ፍርዱ በማተሚያ ቤት ላይ ብቻ እንዳይሆን ካህናቱም የድርሻቸውን ይስሙ። ስንት ደብር የብራና መጻሕፍቱን በዕቃ ቤት ቈልፎ ለጐብኚ ሲሆን ያወጣል፤ ለአገሩ ለቃሚ ሲሆን ግን ቍልፉ የጠፋ ይሆናል? ጥበቃው የሚነቀፍ አይደለም፤ ሌባ አለና። ነገር ግን በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት መካከል ወደ 350 የሚሆኑት በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ለተመራማሪ ሁሉ ሲገለጡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሰፈር ርቆ የሚሠራው ለቃሚ ዳዊትን በብራና ላይ ሳያይ ቢሸመግል ነውሩ የማን ነው? ሩቅ አገር የተቀመጠው እንኳ መንገድ ተከፍቶለታል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ግልባጩም በአሜሪካ በሚኒሶታ ባለው በሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ይገኛል፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። ለቃሚው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበት ያው መኪና ይህንን ሊያሳየው ይችላል፤ የሚያዝዘው አለቃ ብቻ ጠፋ።

የማተሚያ ቤት ባለቤቶች የሚያደርጉት ነገር ከባድ አይደለም። የሚቀጥለው የዳዊት ወይም የውዳሴ ማርያም እትም ወደ መኪናው ሳይገባ ለቃሚው አንድ ሳምንት ከዳዊት ደጋሚ አጠገብ ይቀመጥ። ደጋሚው ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፤ ለቃሚውም በብራናው ላይ በዐይኑ ይከተለው። አንባቢው በየት እንደሚያርፍ፣ በየት ገጽ እንደሚገልጥ፣ ጣቱን በየት እንደሚያሳርፍ፣ ሲመሽ ከየትኛው መስመር ጀምሮ መጽሐፉን ወደ መብራቱ እንደሚያስጠጋ በወረቀት ይጻፍ። ያንን ወረቀት ይዞ ወደ ሥራው ይመለስ። የዚያም ሳምንት ደመወዝ አይቈረጥበት።